ከክር ወደ ቁጥር
በካርቱምና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የሙዚቃ ዝምድና ከመንግሥታቱ ወዳጅነት ይልቅ ጸንቶ የኖረ ነው። የሁለቱም አገሮች ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ የሱዳኑ ጠንቡርና የኢትዮጵያው ክራርም የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ጊታር ወደ ሁለቱ ከተሞች በገባ ጊዜ ብዙ ባዳ ያልሆነው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ሻርሃቢል አህመድ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከሱዳን ዜማ ጋር አዋሕዶ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» ለመባል በቃ። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲምም የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት ተብላ ትታወሳለች።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን መድረኩን ኪቦርድ እየወረሰው መጣ። በአዲስ አበባ የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦችን ሥራ አጥብቦት ነበር፤ በካርቱም ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በሙዚቃ ላይ ብዙ ዕገዳ ወረደ። ባንድ መቅጠር በከበደበት ዘመን ከበሮውን፣ ባሱንና ትንፋሹን አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወትበት መሣሪያ አዋጭ ሆነ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን በአኮርዲዮን፣ በሮድስና በሙግ የሠራው ካሴት መሣሪያው በጥሩ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ይሁን እንጂ ተራው ኪቦርድ አንድ ጉድለት አለበት፦ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይዘላል እንጂ እንደ ክር አይንሸራተትም። ጊታሪስቱ ክሩን ሳይጥል የኪቦርዱን ድምፆች ማዘዝ ይችል እንደሆነ መጠየቁ አልቀረም።

ጥያቄው በጃፓን ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ሮላንድ ጂ.አር. 500 የተባለውን የጊታር ሲንቴሳይዘር በ1977 አወጣ። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የሁለት ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ኬብል ተገናኝተው እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋም በአደባባይ ታየ። ሚዲ ድምፅን አይልክም፤ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚገልጽ ቁጥር ይልካል። በ1984 የወጣው ጂ.አር. 700 ጊታርን ወደዚህ ቋንቋ አስገባ።

ነገሩ ግን ለጊታር ቀላል አልነበረም። የኪቦርድ ቁልፍ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ሲጫኑት ማንነቱ ወዲያው ይታወቃል። የጊታር ክር ግን መደመጥ አለበት። ወፍራሙ የታች ሚ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ አንዱ ዙር ብቻ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ መሣሪያው እርግጠኛ ለመሆን ከአንድ ዙር በላይ ይጠብቃል። ቀጭኑ ክር በ3 ሚሊሰከንድ ዙሩን ይጨርሳል። በባስ ክሮች ላይ የሚሰማው መዘግየት እንግዲህ ከፋብሪካው ስንፍና ሳይሆን ከተፈጥሮ የመጣ ነው።

ዛሬ ለሚመርጥ ሰው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ክር የተለየ ጆሮ ያለው ፒካፕ ከመለወጫ ሣጥን ጋር ነው፤ የብረት ክር ይፈልጋል፤ ከክሩም 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ርቆ ይተከላል። ሁለተኛው ያለ ኬብል ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ዓይነት ነው፤ የፊሽማን ትሪፕልፕሌይ ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው እንደ ጃም ኦሪጅን ሥራ ያለ ሶፍትዌር ነው፤ ከተለመደው ፒካፕ የሚመጣውን ድምፅ ራሱ ይተረጉማል፤ የተለየ ፒካፕ ስለማይጠይቅ ወጪው ቀላል ነው።

ከምርጫው ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን አስተካከሉ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክር የራሱ የሚዲ ቻናል ይሰጠው፤ አለዚያ አንዱ ክር ሲጎተት ሁሉም አብረው ይጎተታሉ። ቀጥሎም የመጎተቻው ስፋት በመለወጫውና በሶፍትዌሩ መሣሪያ ላይ እኩል ይሁን። መለወጫው 12 ግማሽ ድምፅ፣ ሶፍትዌሩ 2 ቢሆኑ፣ ሁለት ግማሽ ድምፅ የተጎተተው ክር የግማሽ ድምፅ ሲሶ ብቻ ሆኖ ይሰማል። የኮምፒውተሩ ማቆያም ቢያንስ ይሻላል፦ በ44,100 ናሙና 128 ቢሆን 3 ሚሊሰከንድ ያህል፣ 1,024 ቢሆን 23 ሚሊሰከንድ ይጨምራል።

ብዙዎቹ መለወጫዎች ድምፁን ወደ ቅርቡ ግማሽ ድምፅ የሚያጠጋጋ ምርጫም አላቸው። ለፒያኖ ድምፅ ይስማማል። ለአንቺሆዬ ወይም ለጠንቡር ዜማ ግን በኖታዎቹ መካከል ያለውን መንገድ ይቆርጠዋል፤ ጊታሪስቱም በገንዘቡ የገዛው የኪቦርዱን ጉድለት ይሆናል።

ቁጥሩ ለታሪክም ይጠቅማል። ከኢትዮጵያ ድንበር ከሚጎራበተው የገዳሪፍ አካባቢ የተገኘው ጃንትራ በ2023 ባወጣው አልበም ላይ ከራሱ ኪቦርድ የተወሰደ የሚዲ መረጃ ከካሴት ቅጂዎች ጋር ተዋሕዷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ሙዚቀኞች በየአገሩ በተነ፤ የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ግቢም እስከ መጋቢት 2024 ድረስ የጦር ሜዳ ሆኖ ቆየ። ጊታሩንና ማጉያውን ትቶ ለሚሰደድ ሰው የአንድ ዜማ የሚዲ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክ ውስጥ ድንበር ይሻገራል። የሚሻገረው ግን የተመዘገበው ያህል ነው፤ አስተካካዩ ያጠጋጋውን መንሸራተት በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም።