ከጂዳ የመጣ ላፕቶፕና የዲቪዲ ቀጠና

የዲቪዲ ፊልሞች ለዓለም ገበያ የሚቀርቡት በስድስት የሽያጭ ቀጠናዎች ተከፋፍለው ነው። ሳውዲ አረቢያ በቀጠና 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በቀጠና 5 ተመድበዋል። በመሆኑም በጂዳ ወይም በመካ ፊልም ሲያይበት የቆየውን ላፕቶፕ ይዞ ወደ አገር ቤት የተመለሰ ሰው፣ ቁጥር 5 የታተመበት ዲስክ ሲያስገባ ቀጠናውን እንዲቀይር ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥሩ በማሸጊያው ጀርባ፣ በሉል ምልክት ውስጥ ይገኛል።

እሺ ከማለት በፊት ግን ማሰብ ይገባል። ለውጡ የሚፈቀደው አምስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማንበቢያው በመጨረሻው ቀጠና ላይ ይቆለፋል። ቆጠራው የሚመዘገበው በራሱ በማንበቢያው ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አይመልሰውም። ስለዚህ በእጅ ያሉት ዲስኮች በብዛት የየትኛው ቀጠና እንደሆኑ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ቀጠናው ተስማምቶም ፊልሙ ላይከፈት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ የዲቪዲ ማጫወቻ ከሥርዓቱ ጋር በመደበኛነት አይቀርብም። ክፍተቱን በነጻ የሚታደለው ቪኤልሲ ይሞላዋል፤ የሚወርደው ግን ከአዘጋጁ ከቪዲዮላን ድረ ገጽ ሊሆን ይገባል።

በቪሲዲ የታተሙ የአማርኛ ፊልሞች የቀጠና ገደብ የለባቸውም።