ሕዝብ የሚባል ሸላይ

«የዛሬ ዘፋኝ የጥንቱን ይሰርቃል» ይባላል። እንዴ! መዋዋስማ መች ቀረ? የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አበዳሪው ማን ነበር?

ከአገራችን እንነሣ። ቢቸና በላይ ዘለቀ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያን ጦር የተፋለመበት አገር ነው። እዚያም ሆነ ሞጣ፣ ሽለላና ቀረርቶ የአርበኛ ስንቅ ነበሩ። ሸላዩ ቃሉን ይስባል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ድንገት ይቆርጣል፤ ማሲንቆው ይከተለዋል።

ይህን የመሰለውን የሸላይ ጉሮሮ ጌታቸው መኩሪያ ወደ ሳክስፎን አሻገረው። መሣሪያው የውጭ ነው፤ አነፋፉ ግን የአገር ቤት። በ2006 እ.ኤ.አ. ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» የሮክ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። ቴዲ አፍሮም በ2004 ዓ.ም. በ«ጥቁር ሰው» ዐድዋን ሲያነሣ ወደ ፉከራው ለዛ ተመለሰ።

በዚህስ አንከፋም። የሚያስከፋን በካሴቱ ሽፋን ላይ «ዜማ፦ ሕዝብ» ብሎ ማለፉ ነው። ሕዝብ እኮ አንድ ጉሮሮ የለውም! መጀመሪያ ያዜመው ሰው ነበረ፤ ስምም ነበረው። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ስሙ በሸክላው ላይ ቀርቶልናል። የቢቸናውና የሞጣው ሸላይ ግን ሲሞት ድምፁም ስሙም አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ክረምት አገር ቤት ስንገባ ስልካችንን አውጥተን የሽማግሌዎቹን ድምፅ እንቅዳ። ዜማውን ብቻ ሳይሆን፣ «ከማን ሰሙት፣ አባቴ?» ብለን ስሙንም እንመዝግብ። አበዳሪው ሳይታወቅ ብድር እንዴት ይመለሳል?