የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስምና ትርጓሜው

የከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ አይገኝም። የሚበልጠው ክፍል በሰፈር ስም ተጽፎ፣ በሽማግሌ አፍ ተነቦ ይኖራል። አዲስ አበባ ለዚህ ነገር ምስክር ናት።

በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ከእንጦጦ ደጋ ወደ ፍል ውሃ ወርደው የቦታውን ማማር ባዩ ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም እንደ ጦር ጕዞ ሥርዓት፣ በግቢው ዙሪያ በየጕብታው ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነውና፣ ራስ መኰንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ተባለ፤ የእጅ ባለሙያዎችም የተቀመጡበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ጌቶቹ አለፉ፤ ጭፍራውም ተበተነ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ከተራው ሕዝብ የወጣው ስም ደግሞ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ይሳሳታል። ሰባራ ባቡር ሲባል እንግዳ ሰው የምድር ባቡር የተገለበጠበት ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና በዚያ ተበላሽቶ ስለ ቀረ ነው ይላሉ። እሪ በከንቱም በሌሊት የተቀማ ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ያልነበረበት ስፍራ ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የዘመኑን ወሬ ለሕዝብ አሰማ፤ የዚያን የተቀማ ሰው ጩኸት ግን ከሰፈሩ ስም በቀር የመዘገበለት የለም።

ከባሕር ማዶ የመጣም ስም አለ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ፈረንሳዮች ጣቢያውን ‹ላ ጋር› ሲሉ ሕዝቡ በራሱ አፍ አለስልሶ ለገሃር አለው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ የሚባሉት ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጠላት ዘመን የቀሩ ናቸው። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ የተዛወረውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በ1929 ዓ.ም. በእሳት የተቃጠለው በዚያው ዘመን ነው። እነዚህን ስሞች እንደ ነውር ቈጥሮ ይፋቁ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጠባሳ ቢፋቅ ቍስሉን ማን ያምናል?

በ2016 ዓ.ም. በአራዳ ዙሪያ ከነበሩት ያረጁ ቤቶች ብዙዎቹ ለመንገድና ለአዲስ ሕንጻ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። አዲሱ ቤት ውሃና መብራት ቢኖረውም ጎረቤቱ ተለያይቷል፤ ለልጅ የሚተርክ ሽማግሌና የሚተረክበት ደጃፍ በአንድነት አልሄዱም። በሚያዝያ 23 ቀን ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል ከዚያ ርቀት የሚመጡ አሉ። ከቅጽሩ ውጭ ቆመው፣ አጥሩ በጠፋበት ሜዳ ላይ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ይህ የእገሌ ቤት፣ ያ የእገሊት ጠላ ቤት ነበር ይላሉ። ሰፈራቸውን የጠየቃቸው ሰው ቢኖር፣ የሚመልሱለት ያንኑ የቀድሞውን ስም ነው።