ሬዲዮዋ ዝም ስትል

ኡካ ስማር እንግሊዝኛን ከክፍል መምህራችን ሌላ የሚያስተምረን ሬዲዮ ነበር። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንቴናዋን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ የዕለቱ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ባልዘነበ ቀን ግን ሬዲዮዋ ትጠይቀንና ዝም ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ ይመልሳል፤ ትክክለኛውን መልስ የምትነግረን ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ ዝምታ ታስባባት እንደተቀመጠች የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ኒካራጓ ውስጥ ሒሳብን በሬዲዮ ለማስተማር ሲነሡ፣ ልጁ ሰምቶ ብቻ እንዳይቀር ከየጥያቄው በኋላ ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ተዉለት። ዘዴው በኬንያ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆነ፤ ወደኛም ዘለቀ።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ፕላዝማ መጣ። ውለታውን አልክድም፤ ቤተ ሙከራ ምን እንደሚመስል ያየሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን እኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማርን ልጆች ነን። 9ኛ ስንገባ ደቡብ አፍሪካ ላይ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ አስተማሪ ጠበቀን። ጥያቄ ይሰጣል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ይናገራል። ሥርጭቱ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ የሚለቀቅ ስለሆነ መምህራችን ቆም ሊያደርጉት አይችሉም። ከ40 ደቂቃው ለእርሳቸው የተረፈቻቸው መግቢያና መውጫ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። አንድ ቀን እጄን ሳወጣ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱኝ፤ እጄን አወረድሁ። ከሒሳብ ጋር የተለያየነው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ጋዜጠኝነት የተማርኩትም ምናልባት በዚሁ ሰበብ ይሆናል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የአክስቴ ልጅ ኡካ ገባ። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላክለት ጀመር። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ያወረደው እንደ መጽሐፍ የወፈረ ጽሑፍ ነበር፤ ከጽሑፉ ጋር አንዲት ጥያቄ እንኳ የለችም። ብዙውን ሳያነበው ቀረ።

ከመምህራኑ አንዱ ግን አጭር የድምፅ መልእክትና አንድ ጥያቄ ብቻ ይልኩ ነበር። የተማሪዎቹን መልስ ሳያዩ ቀጣዩን አይልኩም። ስልክ ላይ ሳገኘው፣ «ትናንት እኮ መልሴን ልልክላቸው በዝናብ ሁለት ጊዜ ወጣሁ» አለኝ።