ጣሪያ የሌላቸው መኪኖች በመንገዳችን ላይ

ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ ሐርጌሳ ስንመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ረጅም መንገድ ላይ አንዳንዶቻችን እንተኛለን፣ አንዳንዶቻችን ሂሳብ እንሠራለን፣ ብዙዎቻችን ግን መኪና እናያለን። «ያቺን አያችኋት?» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ሲመጣ ሁላችንም አንገታችንን እናዞራለን። ቪትዝና ኮሮላ አይቆጠርም፣ አይሱዙም አይቆጠርም። የሚቆጠረው ሌላ ዘመን ይዞ የመጣ መኪና ነው። ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው ደግሞ ጣሪያው የሚከፈተው፣ ልጆቻችን ኮንቨርቲብል የሚሉት ነው።

በነጋዴ ዓይን ካየነው የማይረባ ዕቃ ነው። ጣሪያ የሌለው መኪና ፖርቶመጋላ የለውም፤ ፖርቶመጋላ የሌለው ደግሞ ለእኛ ግማሽ መኪና ነው። ሐምሌ ላይ ያፈሳል፣ በአፋር በረሃ ያቃጥላል፣ ሌባ በምላጭ ይከፍተዋል። ይሁንና ታሪኩን ስንከታተል አንድ ነገር አየን። መኪና በአገራችን ጣሪያውን የከፈተው በሁለት ምክንያት ነው፤ ከላይ ያሉት ሰዎች ለመታየት፣ ከታች ያሉት ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ። እነዚህ ሁለት ዓይነት መኪኖች ዛሬ በአንድ ጎዳና ሲያልፉ እኩል «አንቲክ» ይባላሉ እንጂ አመጣጣቸው ለየቅል ነው።

የመጀመሪያውን እንይ። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ አስነስቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። ባቡሩ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መኪናዋ የመጣችው ዛሬ እኛ ጨርቅና ሳሙና በምናመላልስበት አቅጣጫ ነው፣ ያውም መንገድ ሳይኖር። በዚያ ዘመን አብዛኛው መኪና ክፍት ስለነበር ጣሪያ አለመኖሩ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። ሰው የለመደው ሠረገላና በቅሎ ነው፤ ጌታ ሲያልፍ ፊቱ መታየት አለበት።

ይህ ልማድ ከምኒልክ በኋላም ቀጠለ። ሚያዝያ 27 ቀንን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን ማርሻል ባዶሊዮ በመኪና ሰልፍ አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በክፍት መኪና ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ደግሞ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከፊት ይመራ ነበር። ዘመናዊው ሠራዊት የመጣበት አገር ሰው ፈረስ ላይ፣ የጥንቱ ዘውድ ባለቤት መኪና ላይ! ሕዝቡ ንጉሡን በዓይኑ አይቶ ነው መመለሳቸውን ያመነው፤ ጣሪያ ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ የሚያየው መስታወት ብቻ ነበር።

ንጉሡ ክፍት መኪና ውስጥ የተቀመጡበት ሌላ ቀን አለ፣ ብዙ ሰው የማያስታውሰው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን ደርሰው ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ጣሪያው በተነሳ ሊንከን ኮንቲኔንታል ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰልፍ አለፉ። በ52ኛው ቀን ኬኔዲ ዳላስ ላይ እዚያው መኪና ውስጥ ተገደሉ። ንጉሡ ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ፤ ከአስከሬኑ ኋላ በእግር ከተጓዙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። መኪናው አልተጣለም። ብረት ለብሶ፣ የማይነሳ ጣሪያ ተገጥሞለት፣ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሌሎች ፕሬዚዳንቶችን አገልግሏል። የመሪዎች ክፍት መኪና ዘመን ያበቃው በዚያ ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ባለሥልጣን ሲያልፍ የምናየው ጥቁር መስታወት ብቻ ነው።

የእኛም ንጉሥ ቢሆኑ የመጨረሻ ጉዟቸው በክፍት መኪና አልሆነም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። ትልልቆቹ መኪኖቻቸው ግን ግቢው ውስጥ ቀርተው ተርፈዋል፤ ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ ከማየት ይሻላል።

አሁን ወደ ታችኛው ጣሪያ እንምጣ፤ እኛን የሚነካን ይኸኛው ነው።

ጣሊያን ፊያት ቶፖሊኖን፣ ማለትም «ትንሿን አይጥ»፣ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ አዲስ አበባን በያዘበት በዚያው ዓመት። ሞተሯ 569 ሲሲ፣ ጉልበቷ 13 የፈረስ ጉልበት። ብዙዎቹ ቶፖሊኖዎች ከላይ ሸራ ነበራቸው፤ እየጠቀለሉ ወደ ኋላ ያስተኙታል። እ.ኤ.አ. በ1957 የተተካችው አዲሷ ፊያት 500ም ስትወጣ ጣሪያዋ ሸራ ነበር። ይህ ለመዝናናት ብቻ የተደረገ አይምሰላችሁ። ሸራ ከላሜራ ይረክሳል፣ ይቀላል፣ የትንሿን ሞተር ጩኸትም ያስወጣል፤ በላሜራ ጣሪያ ሥር ቢሆን ጆሮ ያደነቁር ነበር። እንግዲህ ሀብታም ጣሪያውን የሚከፍተው ገንዘብ ጨምሮ ነው፣ ድሃ ግን ገንዘብ ተቀንሶለት።

እነዚህ ትንንሽ ፊያቶች ዛሬም በብዛት የሚታዩት አስመራ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዕለት ድንበሩ ተከፍቶ በዛላምበሳ በኩል የተሻገሩ እህቶቻችን ሲመለሱ ስለ ገበያው ካወሩት ይልቅ ስለ መኪናው ያወሩት ይበልጥ ነበር። «ፊያት 500፣ ሴይቼንቶ፣ ቮልስ፣ ሁሉም ይሄዳል፣ ሁሉም ታጥቧል!» እያሉ። እዚያው ከተማ በ1938 እ.ኤ.አ. ጁሴፔ ፔታዚ የሠራው ፊያት ታሊየሮ የሚባል የነዳጅ ማደያ አለ፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ግራና ቀኝ 15 15 ሜትር የተዘረጋ፣ ያለ ምንም ምሰሶ የቆመ የኮንክሪት ጣሪያ። ሠራተኞቹ ድጋፉን ለማንሳት ፈርተው መሐንዲሱ ሽጉጥ አውጥቶ ነው ያስነሳቸው ይባላል። ዩኔስኮ አስመራን በ2017 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ ያ ክንፍ ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ነበር። ድንበሩ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ፤ የጎማና የካርቦራቶር ትዕዛዝ ይዘው የተመለሱ ሰዎች ትዕዛዙን እንደያዙ ቀሩ።

ጣሊያኖች ሄደው የቀረልን ብረቱ ብቻ አይደለም። አፋችንን ስሙት፤ ታርጋ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን። የጃፓን መኪና የምንጠግነው በጣሊያን ቃል ነው። ናይሮቢ ዕቃ ስንገዛ የምንቸገረውም ለዚህ ነው፤ «ኩሽኔታ» ብንል የሚሰማን የለም፣ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለን ይዘን ሄደን ነው የምናሳየው።

ናይሮቢ ራሷ ሌላ ዓለም ናት። ሞያሌን ስትሻገሩ መንገዱ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀየራል። እኛም በግራ እንነዳ ነበር፣ ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሐርጌሳ ደግሞ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ይዘው በቀኝ መንገድ ይነዳሉ፤ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለማለፍ ሲፈልግ ከግራ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው «ና፣ ባዶ ነው» የሚለው። ስንቶቻችን ሳንፈልግ ረዳት ሆነናል!

በኬንያ የሚታዩት ክፍት መኪኖች አመጣጣቸው እንግሊዛዊ ነው። ኤምጂ፣ ሞሪስ ማይነር ባለ ሸራ፣ ላንድሮቨር ባለ ሸራ። ዕድሜው ከ8 ዓመት ያለፈ መኪና ወደ ኬንያ ማስገባት ስለማይፈቀድ አሮጌዎቹ እዚያው የኖሩ ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሰፋሪ ወደ ገዢ እየተላለፉ። በንጎንግ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ በየዓመቱ የድሮ መኪኖች ውድድር ይካሄዳል፤ ዳኞች ኮፈን ከፍተው ሞተሩን ሳይቀር ይመረምራሉ። እዚያ አሮጌ መኪና ንብረት ነው፣ ወረቀት አለው፣ ማኅበር አለው። ድሬዳዋና ሐረር ያሉት ፔጆ 404 ታክሲዎች ከነዚያ በዕድሜ የሚያንሱ አይደሉም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው መኪና ዓይነት ናቸው። ግን ማንም አይሸልማቸውም፣ ጫት ጭነው ይሮጣሉ። እኛ በበኩላችን ከቆመ የሚሮጥ ይበልጥብናል።

የሚያሳስበን ጉዳይ ግን አለ። አገር ቤት አሮጌ መኪና ሲሞት መንገዱ ይታወቃል። ሞተሩና ካምቢዮው ሶማሌ ተራ ይሄዳል፣ ቀሪው ላሜራ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ክልከላውን አንቃወምም፣ ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው። ነገር ግን ተከተሉን፦ ከእንግዲህ ሌላ ክፍት ፊያት ወይም ሌላ ባለ ሸራ ቮልስ በወደብ አይገባም። ያለው ያለው ብቻ ነው። ይህን ቀድመው የተረዱት እኛ ሳንሆን ደላሎች ናቸው። በየሰፈሩ እየዞሩ «ያቺ የቆመችው ቮልስ አትሸጥም?» የሚሉት ለምድጃ አይደለም።

ባል የሞተባት ወይም አባት የሞተባት እህታችን ግቢዋ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና ካላት፣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ሊብሬውን ታውጣ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ውርሱ በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ ስም አይዛወርም፤ ደላላ ይህንን እያወቀ ነው በግማሽ ዋጋ የሚጠይቀው። ቦሎው ዓመታት ቢያልፈውም አትደንግጥ፣ ይከፈላል። ቀለምም አታስቀባ። የራሱ ቀለም ያለው መኪና ቢደበዝዝም ይፈለጋል፣ በስቱኮ የተደፈነ ግን ማን ያምነዋል?

ለገዢዎችም አንድ ቃል። የሠርግ ኪራይ ገበያ ስለደራ ጣሪያቸው በመጋዝ የተቆረጠ መኪኖች በዝተዋል። ሙሽሮች ቆመው እጅ እንዲያውለበልቡ ተብሎ ደህና ቮልስ ይቆረጣል፤ ያሳዝናል። የመኪና ጣሪያ ክዳን ብቻ አይደለም፣ ወገብ ነው። ሲቆረጥ መሐሉ ይሰምጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ዳገት ላይ የፊት መስታወቱ ይሰነጠቃል። ካርማን የሚባለው ድርጅት ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ330,000 በላይ ክፍት ቮልሶች ሲሠራ ከበሮቹ ሥር ወፍራም ብረት ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ባለ ሸራ ጣሪያ ካለው ቮልስ ይከብዳል። ሸራው ሲታጠፍም ከኋላ እንደ ሸክም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የተቆረጠው ከኋላው ልሙጥ ነው፣ የሚታጠፍ ነገር የለውማ። ለመለየት ጣታችሁን በበሩና በአካሉ መካከል ባለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች አስኪዱ። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ወይም ከተገላበጠ ወገቡ ሄዷል፤ ሻጩ ሌላ ታሪክ ቢያወራም አትስሙት።

ሸራው ቢቀደድ ግን አትፍሩ። መርካቶ ሸራ ተራ ለከባድ መኪናዎቻችን የጭነት ልብስ የሚሰፉት ሰዎች ለትንሿ ፊያትም ይሰፋሉ። አሮጌውን ሸራ ሳትጥሉ ለልክ ውሰዱላቸው፣ ክሩ ውሃ የማያስገባው ወፍራሙ ይሁን በሏቸው፣ ደግሞም ከሰኔ በፊት ሂዱ። ከሰኔ በኋላ የጭነት ሸራ ወረፋ ስለሚበዛ ለጣሪያ ጊዜ የላቸውም።