የመርከበኞች ጓሮ

ሆላንዳዊው ያን ቫን ሪቤክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1652 ዛሬ ኬፕታውን ባለችበት ወደብ ሲወርድ ወርቅ ፍለጋ አልነበረም። የላከው የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው፤ ትእዛዙም ምሽግ እንዲሠራ፣ ከብት እንዲገዛና አትክልት እንዲያለማ ነበር።

በዚያ ዘመን ከአምስተርዳም ተነስቶ በዚህ ወደብ በኩል ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ባታቪያ የሚሄድ መርከብ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባሕር ላይ ይቆያል። ስንቁ ደረቅ ብስኩት፣ ጨው የበዛበት ሥጋና አተር ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ የመርከበኞቹ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ አፋቸው ይከረፋል፤ ጥርሳቸው ተነቃንቆ ይወልቃል። ቀጥሎ ከዓመታት በፊት የሻረ ቁስል እንደ አዲስ ያመረቅዛል። በ1498 የቫስኮ ዳ ጋማ ሰዎች ድዳቸው ጥርሳቸውን እስኪሸፍን አብጦ መብላት ተስኗቸው ነበር። ስከርቪ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

የቫን ሪቤክ አትክልተኛ ሄንድሪክ ቦም ከጠረጴዛ ተራራ በሚወርደው ውኃ ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ አለማ። ሕሙማኑ ከመርከብ ወርደው ትኩሱን አትክልት ሲበሉ በሳምንታት ውስጥ ያገግሙ ጀመር። ጓሮው ግን ባለቤት አልባ መሬት ላይ አልተተከለም፤ ኮይኮይ የተባሉት አርቢዎች ከብት የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነበር፤ በ1659 ጦርነት ተነሳ። የአንዱ ፈውስ ለሌላው መፈናቀል ሆነ፤ ይህን ሳያነሱ የጓሮውን ታሪክ መተረክ ፍትሕ አይሆንም።

ፈውሱ ከምግቡ መሆኑን በሙከራ ያሳየው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ ነው። በ1747 አሥራ ሁለት ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ዓይነት መድኃኒት ሰጣቸው፤ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ከሁሉም ቀድመው ተነሱ። ያም ሆኖ የሎሚ ጭማቂ የባሕር ኃይሉ መደበኛ ስንቅ እንዲሆን የታዘዘው በ1795 ነው። በመሃል ስንት ሰው አለቀ!

ምክንያቱ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድድን፣ ቆዳንና የደም ሥርን የሚያያይዘው ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ አይጠነክርም፤ የሰው አካል ደግሞ ቫይታሚኑን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት።

በሽታው ከመርከቦቹ ጋር አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ስከርቪ ተቀሰቀሰ። የሚታደላቸው ራሽን በአብዛኛው እህልና ዘይት ነበር፤ ጎመንና ሎሚ አልነበረበትም።