የቺንጋ ግራይንደር (ለቢላዋ ሥራ)

በሞተር በሚዞር ሸካራ ቺንጋ ብረት የሚሞርድ ማሽን። በነቀምትና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ግን ቢላዋ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው በወናፍ፣ በመዶሻና በሞረድ ነው። በኦሮምኛ «ቱምቱ» የሚባሉት ቀጥቃጮች ቀድሞ ማዕድን ከሚያቀልጡ ሰዎች ባገኙት ብረት፣ በኋላም በቁርጥራጭ ብረት ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ገበሬውን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ሙያቸው ከተሰጣቸው ክብር እጅግ ይልቃል።

ለትርፍ ጊዜ የቢላዋ ሥራ ይህን ማሽን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ፍጥነቱን ይይ። በ50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ 2,850 ጊዜ ገደማ የሚዞር ሞተር፣ ዲያሜትሩ 13 ሳንቲ ሜትር በሆነ መንኮራኩር ቺንጋውን በሰከንድ 19 ሜትር ያህል ያስሮጣል። ይህ ለጀማሪ ይፈጥናል። ከመኪና ባሌስትራ ተሠርቶ በዘይት የጠነከረ ስለት በዚህ ፍጥነት ሲሞረድ ጫፉ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚቀነስ ማሽን ይመረጣል፤ ውኃ የሞላ ባልዲም ከአጠገቡ አይጥፋ።

ለወጥ ቤት ቢላዋ 2.5 በ76 ሳንቲ ሜትር ቺንጋ የሚይዘው ትንሹ ማሽን ይበቃል። ደጋግሞ ለሚሠራ ግን 5 በ183 የሚይዘው ይሻላል። ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና ያለ ጭምብልና ያለ መነጽር ማሽኑን አታስነሱ።